እርጅና መድኃኒት አለውን?



እስቲ አንድ ቤተሰብ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። በባሕር ማዶ የምትሠራ ልጅ ለእናቷ ስልክ ትደውላለች። ዕድሜዋን በሙሉ በምድጃ ዳርና በፀሐይ ሥር ልጆች ስታሳድግ የኖረችው እናት ፊቷ መጨማደዱን፣ የአንገቷም ቆዳ መርገቡን ልጅቱ በተላከላት ፎቶግራፍ አይታለች። «እማዬ፣ እዚህ ያለ ምንም ቀዶ ጥገና ቆዳን የሚያጠብቅ መሣሪያ አለ። ገንዘቡን እኔ እችላለሁ፤ አንቺ ብቻ ነይ» ትላታለች። እናት ታመነታለች። ታላቅ ወንድም «ሐራም ነው!» ብሎ ይነሳል። ታናሽ እህት ደግሞ «ምን አለበት? ቢላዋ የለው፣ ደም የለው!» ትላለች። አባት ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ይህ ጽሑፍ ለእነዚያ አባት ይጠቅም ዘንድ የተዘጋጀ ነው። የሸሪዓውን ፍርድ መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ስለሆነ እኛ አንገባበትም። የእኛ ዓላማ ነገሩ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ማሳየት ነው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ዓሊሙንም ሆነ ሐኪሙን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃልና።

ከሁሉ አስቀድመን ሁለት ዘገባዎችን እናስታውስ። የመጀመሪያውን ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሲሆን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ መዝግበውታል። የገጠር ዐረቦች ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው መታከም ይገባን እንደሆነ ጠየቋቸው። እርሳቸውም እንዲታከሙ አዘዙ፤ አላህ (ሱ.ወ.) መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነገሯቸው። አንድ ነገር ብቻ ለዩ፤ እርሱም እርጅና ነው።

ሁለተኛው ዘገባ የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ.) ነው። ይህ ሰው ከእስልምና በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫውን አጥቶ ነበር። በምትኩ ከብር የተሠራ አፍንጫ ቢያደርግም ሸተተበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠራ ነገሩት። ወርቅ ለወንድ ልጅ የተከለከለ ጌጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የጎደለውን አካል ለመጠገን ግን ተፈቀደለት።

እንግዲህ በአንድ በኩል የጎደለ አካል ይጠገናል፤ በሌላ በኩል እርጅና መድኃኒት የለውም። የሰው ልጅ ቆዳን ለማጥበቅ ያደረገው ጥረት ታሪክ እነዚህን ሁለቱን እየቀላቀለ የመጣ ታሪክ ነው። መሣሪያው መጀመሪያ የተጎዳን ሰው ለመጠገን ይገኛል፤ ብዙም ሳይቆይ ዕድሜን ለመሸሽ ይሸጣል። ከዚህ በታች የምናየው ይህንኑ ነው።

ከጥንቷ ግብጽ እንጀምር። ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1862 በሉክሶር ከተማ አንድ የፓፒረስ ጥቅልል ገዛ። ጥቅልሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈ ነው። በፊተኛው ገጹ ላይ የቁስልና የስብራት ሕክምና ሰፍሯል፤ ሐኪሙ እያንዳንዱን ጉዳት መርምሮ የሚታከመውን ከማይታከመው ይለያል። በጀርባው ላይ ደግሞ አዛውንቱን ሰው ወጣት የሚያደርግ ቅባት እንዴት እንደሚዘጋጅ ተጽፏል። የሚሠራበትን ፍሬ አንዳንድ ተመራማሪዎች አብሽ ነው ሲሉ ሌሎች መራራ ለውዝ ነው ብለዋል። ጥገናና የወጣትነት ምኞት በአንድ ጥቅልል፣ በፊትና በጀርባ ሰፍረው ተገኙ ማለት ነው።

ከዚሁ ዘመን ብዙም ያልራቀው ሌላው ጥቅልል፣ ኤበርስ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው፣ የፊት ሽብሽብን ለማስወገድ ዕጣንን ከሰምና ከዘይት ጋር መደባለቅን ያዛል። ዕጣኑ ወደ ግብጽ ይመጣ የነበረው ፑንት ከሚባለው አገር ጭምር ነው። ብዙ የታሪክ ጠበብት ፑንትን በእኛው በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ያደርጉታል። በንግሥት ሐትሼፕሱት ዘመን ወደ ፑንት የተደረገው ጉዞ በደይር አል-በሕሪ ግንብ ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል። ስለዚህ የውበት ንግድ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በወሎና በሌሎችም የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች እናቶቻችን የወይባ እንጨት በጉድጓድ አጭሰው፣ ተሸፋፍነው ጢሱን ሲሞቁ ኖረዋል፤ የሱዳን እናቶችም ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። ገላን ያፍታታል፣ ቆዳን ያጠብቃል ይሉታል። ሙቀት በቆዳ ላይ አንድ ነገር ይሠራል የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ ከላቦራቶሪ በፊት በጓዳ የነበረ ነው።

ሙቀትን በሥርዓት ያጠኑት ግን ሐኪሞች ናቸው። ከእነርሱም መካከል የአንደሉሱን አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊን የሚያህል ጥቂት ነው። በ936 በኮርዶባ አጠገብ በምትገኘው መዲነቱ ዘህራእ ተወልደው በ1013 ያረፉት እኚህ ዓሊም፣ «አት-ተስሪፍ» በተባለው በ30 ክፍሎች በተዘጋጀ መጽሐፋቸው ሕክምናን በሙሉ ለመሰብሰብ ሞክረዋል። 19ኛው ክፍል ስለ ሽቶና ስለ ውበት መጠበቂያዎች ነው። ገላን ማሳመር ለእርሳቸው የሕክምና አንድ ቅርንጫፍ ነበር። በምሥራቅ በኩል በዚያው ዘመን የነበሩት ኢብኑ ሲናም በ«ቃኑን» አራተኛ መጽሐፋቸው ለፀጉር፣ ለቆዳና ለገላ ውበት የተለየ ክፍል ሰጥተዋል።

የአል-ዘህራዊ 30ኛው ክፍል ስለ ቀዶ ጥገና ሲሆን፣ የሚጀምረው ከ50 በላይ በሆኑ ምዕራፎች በጋለ ብረት ስለ መተኮስ በማስተማር ነው። በገጠሩ አገራችን መተኮስ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። በዚያ ክፍል ውስጥ በበሽታ ምክንያት የላላን የዓይን ቆብ በመተኮስ ስለማከም የሚናገር ምዕራፍ አለ። ልብ በሉ! ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የላላ ቆዳ በሙቀት እንደሚኮማተር ይታወቅ ነበር። አል-ዘህራዊ ግን ይህን ያዘዙት ቆቡ ወርዶ ለተቸገረ ሕመምተኛ ነው።

ስለ መተኮሻው ብረትም አንድ ትልቅ ነገር አስተማሩ። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ከወርቅ የተሠራ መተኮሻ ይመርጡ ነበር። አል-ዘህራዊ ግን ብረት ይሻላል አሉ። ወርቅ መልኩ ራሱ ቀላ ያለ ስለሆነ ምን ያህል እንደጋለ በዓይን አይለይም፤ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ እሳት ሲበዛበት ደግሞ ይቀልጣል። ሐኪም የሙቀቱን ልክ ማወቅ ካልቻለ መሣሪያው የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን አደጋ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚሁ ክፍል መግቢያ ላይ ሳያውቁ እጃቸውን ስለሚዘረጉ ሰዎች በምሬት ጽፈዋል። አንድ አላዋቂ ሐኪም የአንዲትን ሴት የአንገት እብጠት ሲቀድ የደም ሥር ቆርጦ ሴትዮዋ እጁ ላይ ደሟ ፈስሶ ስትሞት ማየታቸውን ይተርካሉ።

እስልምናም ቢሆን እሳትን እንደ ዋዛ አልሰጠም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በመዘገቡት ሐዲስ ፈውስ ካለባቸው ሦስት ነገሮች ማርና ዋግምት ከተጠቀሱ በኋላ መተኮስ ሦስተኛ ሆኖ ተቆጥሯል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ኡማቸውን ከመተኮስ ከልክለዋል። ሆኖም ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በኸንደቅ ዘመቻ ክንዳቸው ላይ ቆስለው ደማቸው ሲፈስ መልእክተኛው ተኩሰዋቸዋል። ከዚህም በመነሳት ብዙ ዓሊሞች እሳት ያለ ችግር የሚወደድ ነገር አይደለም፣ ሲቸግር ግን ይፈቀዳል ብለዋል።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1899 በቪየና ከተማ ሮበርት ጌርሱኒ የተባለ ሐኪም በበሽታ ምክንያት የአካሉን ክፍል ላጣ አንድ ወጣት ቫዝሊን መሰል ቅባት በመርፌ ከቆዳው ሥር ጨምሮ የጎደለውን ቦታ ሞላለት። ይህ እንደ ዐርፈጃ አፍንጫ የጥገና ሥራ ነበር። ወሬው ሲሰማ ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ፓራፊን የሽብሽብ መሙያ ሆነ። «ያለ ቢላዋ» የሚለው አነጋገር ያን ጊዜም ሰዎችን ይማርክ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ፓራፊኑ ከቦታው ተንሸራተተ፤ በዙሪያው ጠጣር እብጠት ፈጠረ፤ የብዙ ሰዎች ፊት ተበላሸ። ከውስጥ ለማውጣት ደግሞ የሸሹት ቢላዋ ራሱ አስፈለገ።

ከዚያ ቀጥሎ የራዲየም ተራ መጣ። ራዲየም መጀመሪያ የካንሰር ሕክምና ተስፋ ነበር። በ1930ዎቹ በፈረንሳይ «ቶ-ራዲያ» የሚባል ራዲየምና ቶሪየም ያለበት የፊት ቅባት ለሽያጭ ቀረበ። በማስታወቂያው ላይ ዶክተር አልፍሬድ ኩሪ የሚል ስም ሰፍሯል። ሰውየው ከታላላቆቹ ሳይንቲስቶች ከማሪና ከፒየር ኩሪ ጋር ዝምድና አልነበረውም፤ ስሙ ግን ለገበያ በቂ ነበር። እውነተኛዋ ማሪ ኩሪ በ1934 የሞተችው ለጨረር በመጋለጧ መጣ በተባለ የደም በሽታ ነው።

ውድ አንባቢያን! ቀጥሎ የምናወሳው ታሪክ ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ሆምስበርግ የተባለ እስር ቤት ነበር። ከ1951 እስከ 1974 ድረስ የቆዳ ሐኪሙ አልበርት ክሊግማን በእስረኞች ላይ በርካታ ሙከራዎችን አካሄደ። ከእስረኞቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፤ በቆዳቸው ላይ ምን እንደሚቀባና ምን ሊያደርሳቸው እንደሚችል ግን በወጉ አልተነገራቸውም። በዚያ ከተሞከሩት ነገሮች አንዱ ከቫይታሚን ኤ የተገኘ ትሬቲኖይን የተባለ መድኃኒት ነው። በ1971 ለብጉር ሕክምና ተፈቀደ፤ በኋላም ሽብሽብን እንደሚያለሰልስ ታይቶ በ1995 ለዚሁ አገልግሎት በክሬም መልክ ተፈቀደ። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ዛሬም ሐኪሞች ያዙታል። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ2021፣ የፊላደልፊያ ከተማ ደግሞ በ2022 ስለዚያ በደል ይቅርታ ጠይቀዋል። ያን ጊዜ ከእስረኞቹ ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም። በመስተዋት ፊት ክሬሙን የምትቀባ እህት የማን ጀርባ ለዚህ እንደተከፈለ ብታውቅ መልካም ነው።

አሁን ልጅቱ ለእናቷ ወደ ነገረቻት መሣሪያ ደርሰናል። የዚህም ሐረግ የሚመዘዘው ከመተኮሻው ብረት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዊው አርሰን ዳርሶንቫል እጅግ ፈጣን የሆነ የኤሌክትሪክ ሞገድ ጡንቻን ሳያንዘፈዝፍ በሰው ገላ ሊያልፍና ሙቀት ሊፈጥር እንደሚችል አሳየ። በ1926 በቦስተን የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሃርቪ ኩሺንግ ዊልያም ቦቪ በሠራው መሣሪያ፣ በኤሌክትሪክ ሙቀት የደም ሥርን እየዘጋ ቀድሞ ሊነካ የማይደፈረውን እጢ አወጣ። የአል-ዘህራዊ የጋለ ብረት በኤሌክትሪክ ተተካ ማለት ነው። ይህም ጥገና ነበር።

በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ በዓይን ዙሪያ ላለው ሽብሽብ እንዲውል ፈቀደ። በ2009 ደግሞ በአልትራሳውንድ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ቅንድብን ከፍ ለማድረግ ተፈቀደ። አሠራራቸው እንዲህ ነው። የቆዳችን ሁለተኛ ድርብ ኮላጅን በሚባል ፕሮቲን የተሸመነ ነው፤ እንደ ገመድ ሆኖ ቆዳን ወጥሮ ይይዛል። ዕድሜ፣ ፀሐይና ሲጋራ ገመዱን ያሳሱታል። መሣሪያው የላይኛውን ቆዳ እያቀዘቀዘ ውስጡን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲያሞቀው፣ ሥጋ በጋለ መጥበሻ ላይ እንደሚኮማተር ኮላጅኑም ይኮማተራል። ከዚያ በኋላ ገላ ቆሰልኩ ብሎ አዲስ ኮላጅን መሥራት ይጀምራል፤ ውጤቱም የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ቆዳን የሚያጠብቀው እንግዲህ አላህ በገላ ውስጥ ያስቀመጠው ቁስልን የመጠገን ችሎታ ነው። መሣሪያው የሚያደርገው ማቁሰል ብቻ ነው።

የአል-ዘህራዊ ጥያቄ እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ፦ ሙቀቱ ልኩን ማለፉ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐኪሞች ከፍተኛ ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቅቁ ነበር። አንዳንዶች ተቃጠሉ። ከሌሎች ፊት ሥር ስቡ ቀልጦ ጉድጓድ ቀረ። በኋላ ኃይሉን ቀንሶ ደጋግሞ ማለፍ እንደሚሻል ታወቀ። ሕመምተኛው «አቃጠለኝ» ማለት እንዲችል ጨርሶ ማደንዘዝም ቀረ። ያን ሁሉ ረቂቅ መሣሪያ ይዞ፣ ሐኪሙ የተማመነው በታካሚው አንደበት ላይ ነበር።

«ታዲያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብትሉን፣ መጠነኛ የሆነ መላላትን በመጠኑ ያጠብቃል። የሁሉም ሰው ገላ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። እጅግ የረገበን ቆዳ እንደ ቀዶ ጥገና አይመልስም። ዕድሜም ሥራውን ስለማያቆም ውጤቱ ለዘለቄታው አይጸናም። ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቃጠል ለረጅም ጊዜ የማይለቅ ጥቁር ምልክት ወይም ያበጠ ጠባሳ ሊይዝ ይችላል። አንዳንድ የሌዘር ዓይነቶች የቆዳን ቀለም ራሱን ስለሚያግሉ ለእንዲህ ያለው ቆዳ ይበልጥ ያሰጋሉ። «ያለ ቀዶ ጥገና» ማለት «ያለ ጉዳት» ማለት እንዳልሆነ ለታናሽ እህት ንገሯት።

የሚያስገርመው ግን ትልቁ ትምህርት የመጣው ከመሣሪያ አለመሆኑ ነው። በ2012 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶግራፍ አወጣ። ለ28 ዓመታት በመስኮት በኩል ፀሐይ ያገኘው የግራ ፊቱ ተጨማዶና ረግቦ የሽማግሌ ፊት ሲሆን፣ የቀኙ ግን በብዙ ዓመት ያንስ ይመስላል። አንድ ሰው፣ አንድ ዕድሜ፣ ሁለት ፊት! በአውስትራሊያ ናምቦር በተባለች ከተማ በ903 ሰዎች ላይ የተካሄደና በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ እንዲቀቡ የተመደቡት፣ እንዳሻቸው ከተተዉት ይልቅ በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ አንሶ መገኘቱን አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ በጥናቱ የተካፈሉት በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ያላቸው ናቸው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ፀሐይን በተፈጥሮው ይበልጥ ይቋቋማል። ቢሆንም ጥላ፣ ሻሽና ከሲጋራ መራቅ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ማንንም አቃጥለው አያውቁም።

እንግዲህ ወደዚያ ቤተሰብ እንመለስ። አባት ዝምታቸውን ሰብረው ምን ይበሉ? እኛ ብንሆን በመጀመሪያ እናቲቱን እንጠይቃለን። አሳቡ የልጅቱ ነው ወይስ የእርሷ? ፊቷ ያስጨነቀው ማንን ነው? ቃጠሎ ወይም በሽታ ያበላሸው ቆዳ ከሆነ መንገዱ የዐርፈጃ መንገድ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ ማንም አያሳፍራት። የተጨማደደችው ስለ ኖረች ከሆነ ግን በሽታ የለባትም፤ መድኃኒት የለውም በተባለው ነገር ላይ የልጅቱን የላብ ዋጋ ከማፍሰሳቸው በፊት በሸሪዓው በኩል የሚታመን ዓሊም ይጠይቁ፤ ለውበት ብሎ የአላህን ፍጥረት መለወጥን የሚያስጠነቅቁ ሐዲሶች አሉና። በመርፌ የሚሰጥ ነገር ካለም ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ፤ ከከብት ቆዳ፣ አልፎም ከአሳማ የተዘጋጁ ኮላጅኖች ለገበያ የቀረቡበት ጊዜ ነበርና። መሣሪያውን የሚይዘው ሰው ሐኪም መሆኑን፣ እንደ እርሷ ያለ ቆዳ ከዚህ በፊት ማከሙን፣ ቢቃጠል ማን ኃላፊነት እንደሚወስድ ሳያረጋግጡ እሺ አይበሉ።

ልጅቱንም አትቆጧት። የላከችው ፍቅሯን ነው። ስልኩን ተቀብላችሁ ግን ይህን ንገሯት፤ በፎቶግራፉ ላይ የከበዳት ያ ሽብሽብ ግማሹ እርሷን ያሳደገበት ምድጃ የጻፈው ነው። እናቷ መምጣቷን ከወደደች መጥታ ትያት፤ የትኬቱ ገንዘብ ለዚያ ይሁን።

ወላሁ አዕለም።